አክቲቭ ሳብዉፈርን ከቆየ ስቴሪዮ አምፕሊፋየር ጋር ለማገናኘት የትኛው ኬብል ይሻላል?

የቦሳ አዲሱ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጅማ፣ ቦሳ አዲስ ነው። ሳሎናችን 4 በ5 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ያለኝ መሣሪያ አንድ የቆየ ባለ ሁለት ቻናል ስቴሪዮ አምፕሊፋየርና ሁለት መካከለኛ ስፒከሮች ናቸው። ቴሌቪዥኑና የዲሽ ሪሲቨሩም ድምፃቸውን የሚያወጡት በዚሁ አምፕሊፋየር ነው። በቅርቡ የራሱ አምፕሊፋየር በውስጡ ያለው ሳብዉፈር፣ ማለትም የባስ ድምፅ ብቻ የሚያወጣ ስፒከር፣ ገዛሁ። ከጀርባው ሁለት ዓይነት መግቢያ አለው፤ አንዱ ቀይና ነጭ የአርሲኤ ቀዳዳ ነው፤ ሌላው የስፒከር ሽቦ ተላጦ እየተጫነ የሚገባበት ባለ ስፕሪንግ ማያያዣ ነው። ሳብዉፈሩ የሚቀመጥበት ጥግ ከአምፕሊፋየሩ ተቃራኒ ስለሆነ፣ ኬብሉ ግድግዳውን ተከትሎ ሲዞር ወደ 7 ሜትር ይደርሳል።

መርካቶ ወርጄ ስጠይቅ የሰማሁት ምክር እርስ በርሱ አልገጠመም። አንዱ ባለሱቅ ቀጭኑን ቀይና ነጭ ኬብል ሰጥቶኝ "ይበቃሃል" አለኝ። ሌላው ጫፉ ወርቅ የተቀባ፣ የአውራ ጣት ያህል የወፈረና ዋጋው ከመጀመሪያው ብዙ እጥፍ የሆነ ኬብል አሳይቶ፣ ባሱ በትክክል የሚወጣው በዚህ ብቻ እንደሆነ ነገረኝ። ሦስተኛው ደግሞ የዲሽ ኬብል ቆርጦ ጫፉን ቀይሮ ሊሠራልኝ ፈቃደኛ ሆነ። ገንዘቤን በማይረባ ነገር ላይ ማውጣት አልፈልግም፤ መሣሪያዬንም ማበላሸት አልፈልግም። የትኛውን ልምረጥ? ሰባት ሜትር ይበዛ ይሆን? ከሁለቱ መግቢያዎችስ በየትኛው ልጠቀም?

ጠጋኝ ዘፈረንጅ አራዳ

ወንድሜ፣ ጥያቄዎን ይህን ያህል ዘርዝረው ማቅረብዎ መልሱን አቅልሎታል። ኬብል ከመምረጥዎ በፊት ግን በኬብሉ ውስጥ የሚያልፈው ነገር ምን እንደሆነ መለየት ይገባል፤ በሱቆቹ የሰሙት ምክር የተምታታውም ይህ ስላልተለየ ነው።

የእርስዎ ሳብዉፈር አክቲቭ ነው፤ ይህም ማለት ዲያፍራሙን የሚገፋበትን ጉልበት የሚያገኘው በራሱ የመብራት ገመድ ከግድግዳው ሶኬት ነው እንጂ ከአምፕሊፋየርዎ አይደለም። በአርሲኤ ኬብሉ የሚመጣለት ከ1 ቮልት ብዙም የማይርቅ ደካማ ምልክት ብቻ ነው። የመግቢያው ተቃውሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ10,000 ኦም በላይ ስለሆነ፣ 1 ቮልት ቢገባበት እንኳ በሽቦው ውስጥ የሚያልፈው ኮረንቲ ከ0.1 ሚሊአምፒር አይበልጥም። ለዚህ ያህል ኮረንቲ ወፍራም መዳብ መግዛት ምንም ጥቅም አይሰጥም፤ የመካከለኛው ሽቦ ተቃውሞ ግማሽ ኦም ሆነ ሁለት ኦም፣ ከ10,000 ኦም አጠገብ ሲታይ ከቁጥር አይገባም።

ስለ ርዝመቱም አይጨነቁ። የአርሲኤ ኬብል ሲረዝም የሚያስፈራው ካፓሲታንሱ (በሽቦውና በመረቡ መካከል ኤሌክትሪክ የመያዝ ባሕርዩ) ከፍ ብሎ ቀጭን ድምፆችን እንዳይቆርጥ ነው። ተራ ኬብል በሜትር 100 ፒኮፋራድ ገደማ ቢኖረውና አምፕሊፋየሩ የ1,000 ኦም መውጫ ቢኖረው፣ በ7 ሜትር ላይ ድምፁ መቀነስ የሚጀምረው ከ200,000 ኸርዝ በላይ ነው። ሳብዉፈር የሚሠራው ደግሞ ቢበዛ እስከ 120 ወይም 200 ኸርዝ ባለው ክልል ነው። ስለዚህ በዚህ በኩል 7 ሜትርም 15 ሜትርም ያው ነው።

አሁን አንድ ነገር ይንገሩኝ፤ አምፕሊፋየሩ ከጀርባው ለሳብዉፈር ተብሎ የተሠራ መውጫ አለው? ወይም "ፕሪ አውት" (ከድምፅ መጠን መቆጣጠሪያው በኋላ ደካማውን ምልክት የሚያወጣ መውጫ) የሚል ጽሑፍ ይታያል? ዋናው የግንኙነት ጥያቄ የሚወሰነው በዚህ ነው።

ኦምና ቮልት

ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። የጠጋኝን ማብራሪያ እያጸናሁ፣ ኬብል ከኬብል በእውነት የሚለይበትን አንድ ነጥብ ላክልበት፤ እርሱም ሺልድ የሚባለው፣ መካከለኛውን ሽቦ ዙሪያውን የሚሸፍነው መረብ ነው።

በአርሲኤ ግንኙነት መረቡ ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ ይሠራል። በአንድ በኩል ከአካባቢው የመብራት መስመር የሚመጣውን ጣልቃ ገብነት ይከላከላል፤ በሌላ በኩል ደግሞ የምልክቱ የመመለሻ መንገድ እርሱ ነው። ሁለቱ መሣሪያዎች በተለያየ መንገድ ከመሬት ጋር ከተያያዙ፣ በመካከላቸው ያለው ትንሽ የቮልት ልዩነት በዚሁ መረብ ላይ ኮረንቲ ይነዳል። ያ ኮረንቲ በመረቡ ተቃውሞ ላይ ሲያልፍ የሚፈጥረው ቮልት ከሙዚቃው ምልክት ጋር ተደምሮ ወደ ሳብዉፈሩ ይገባል። ለምሳሌ 1 ሚሊአምፒር ኮረንቲ 0.5 ኦም ተቃውሞ ባለው ቀጭን መረብ ቢያልፍ ግማሽ ሚሊቮልት ይፈጥራል። መረቡ ጥቅጥቅ ያለና ተቃውሞው 0.05 ኦም ቢሆን ግን ሁከቱ አሥር ጊዜ ያንሳል፤ በድምፅ መጠን መለኪያው በዲሲቤል ሲሰላ የ20 ዲሲቤል ልዩነት ነው። ይህ በጆሮ ያለ ምንም ጥርጥር የሚለይ ነው።

ጉዳዩ ለሳብዉፈር ከሌላው ስፒከር ይበልጥ የሚያሳስበው የመብራታችን ድግግሞሽ 50 ኸርዝ ስለሆነ ነው። ትንንሽ ስፒከሮች 50 ኸርዝን በደንብ ማውጣት ስለማይችሉ ሁከቱ ቢኖርም ላይሰማ ይችላል፤ ሳብዉፈር ግን የተሠራው በትክክል ይህንኑ ክልል አጉልቶ ለማውጣት ነው። 50 ኸርዝና እጥፉ 100 ኸርዝ ሁለቱም በሥራ ክልሉ ውስጥ ይወድቃሉ። ስለዚህ ለሳብዉፈር ኬብል ሲገዙ ስለ መዳቡ ንጽሕና ሳይሆን ስለ መረቡ ጥግግት ይጠይቁ።

ባስ ክራር

ሁለታችሁንም አክብሬ ልለይ። ወፍራሙን ኬብል እኔ ራሴ ገዝቼ ስቀይር ባሱ ሲጠብቅና ሲሞላ ሰምቻለሁ፤ ቤተሰቤም ሰምቷል። ስሌቱ ልክ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ሙዚቃ የሚሰማው በጆሮ ነው። ኬብሉ ልዩነት የለውም ማለት የሰማነውን እንደመካድ ይሆንብኛል።

ጠጋኝ ዘፈረንጅ አራዳ

ወንድሜ ባስ ክራር፣ የሰሙትን አልክድም። ነገር ግን የልዩነቱ ምክንያት የመዳቡ ውፍረት ላይሆን ይችላል። ለጥገና ከሚመጡልኝ ቀጫጭን ኬብሎች ብዙዎቹ ችግራቸው ያለው ከጃኩ ውስጥ ነው። በቅርቡ አንዱን ነጭ ጃክ በምላጭ ቀድጄ ከፈትኩት፤ መረብ ተብሎ የተገጠመው ወደ አንድ ጎን የተጠመዘዘ ጥቂት የሽቦ ጭራ ነበር። ጭራዎቹ ከብየዳው ነጥብ ላይ ከፊሉ ተበጥሰው፣ የቀሩትም በክረምቱ እርጥበት አረንጓዴ ዝገት ለብሰው ነበር። እንዲህ ያለ ኬብል በአዲስ ሲቀየር ድምፁ በርግጥ ይሻሻላል፤ የተሻሻለው ግን የላላው ግንኙነት ስለጠበቀ ነው። ዋጋው በብዙ እጥፍ የሚረክስ፣ መረቡ ጥሩ የሆነ መካከለኛ ኬብል ቢገጠምም ውጤቱ ያው ይሆን ነበር።

እርግጠኛ ለመሆን ከፈለጉ አንድ ሌላ ሰው ኬብሎቹን እርስዎ ሳያዩ እየቀያየረ፣ የድምፁን መጠን ሳይነካ፣ አንድ ዓይነት ሙዚቃ ያጫውትልዎትና የቱ የቱ እንደሆነ ይለዩ። ሁለቱም ጤነኛ ኬብሎች ከሆኑ መለየት የሚችሉ አይመስለኝም።

የቦሳ አዲሱ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ ጠጋኝ፣ እንዳሉኝ የአምፕሊፋየሩን ጀርባ በባትሪ አብርቼ አየሁት። ለሳብዉፈር የሚል መውጫ የለውም፤ ፕሪ አውትም የለውም። "ቴፕ ሬክ" የሚል ቀይና ነጭ መውጫ ግን አገኘሁ፤ የስፒከር ማያያዣዎቹም "ኤ" እና "ቢ" ተብለው ሁለት ረድፍ ናቸው። ሳብዉፈሩን ከቴፕ መውጫው ጋር ላገናኘው ይሆን?

ጠጋኝ ዘፈረንጅ አራዳ

አይሆንም፤ ከቴፕ መውጫው ጋር አያገናኙት። ያ መውጫ ለመቅረጫ ተብሎ የተሠራ ስለሆነ ምልክቱን የሚወስደው ከድምፅ መጠን መቆጣጠሪያው በፊት ነው። በዚያ ካገናኙት፣ አምፕሊፋየሩን ዝቅ ሲያደርጉ ስፒከሮቹ ዝም ይላሉ፤ ሳብዉፈሩ ግን በነበረበት ጉልበት ይቀጥላል። ድምፁን በነካኩ ቁጥር ሳብዉፈሩ ጋ ሄደው ማስተካከል ይኖርብዎታል፤ ሚዛኑም ፈጽሞ አይገኝም።

ለእርስዎ አምፕሊፋየር ትክክለኛው መንገድ በስፒከር ማያያዣው በኩል ነው። ሳብዉፈሩ ላይ ያዩት ባለ ስፕሪንግ ማያያዣ የተሠራው ለዚሁ ነው። በዚህ መንገድ ሳብዉፈሩ የሚቀበለው ስፒከሮቹ የሚቀበሉትን ምልክት ራሱን ስለሆነ፣ የድምፅ መጠኑ አብሮ ይወጣል፤ አብሮ ይወርዳል። አምፕሊፋየሩ ይጫንበታል ብለው አይሥጉ፤ የዚህ መግቢያ ተቃውሞ ከስፒከሩ 4 ወይም 8 ኦም ጋር ሲነጻጸር እጅግ ከፍተኛ ስለሆነ የሚወስደው ጉልበት ኢምንት ነው።

አገናኙን እንዲህ ያድርጉ። አስቀድመው ሁለቱንም መሣሪያዎች አጥፍተው ስፒናቸውን ከሶኬት ይንቀሉ። ስፒከሮቹ "ኤ" ላይ እንዳሉ ይቆዩ፤ ለሳብዉፈሩ "ቢ" የሚለውን ይጠቀሙና መምረጫውን ሁለቱም አብረው እንዲሠሩ ያድርጉት። አንዳንድ አምፕሊፋየሮች ሁለቱም ሲመረጡ ኤንና ቢን በተርታ ስለሚያያይዙ ስፒከሮቹ ደክመው ከተሰሙ፣ "ቢ"ን ትተው የሳብዉፈሩን ሽቦ ከስፒከሮቹ ሽቦ ጋር "ኤ" ላይ ደርበው ያስገቡ። ከሳብዉፈሩ ጀርባ ሁለት ረድፍ ማያያዣ ካለ አንዱ መግቢያ፣ ሌላው ወደ ስፒከር መውጫ ነውና ጽሑፉን በጥንቃቄ ያንብቡ፤ እርስዎ የሚፈልጉት መግቢያውን ብቻ ነው። ቀይን ከቀይ፣ ጥቁርን ከጥቁር፣ ግራን ከግራ፣ ቀኝን ከቀኝ ያገናኙ። የሽቦውን ጫፍ አንድ ሳንቲሜትር ያህል ብቻ ልጠው ጭራዎቹን አጥብቀው ያጠምዝዙ፤ አንዲት የወጣች ጭራ ቀዩን ከጥቁሩ ጋር ብታነካካ የአምፕሊፋየሩን መውጫ ልታቃጥል ትችላለች።

ሽቦውም ወፍራም መሆን የለበትም፤ ኮረንቲ ስለማይሸከም 0.75 ካሬ ሚሊሜትር የሆነ ባለ ሁለት ዘርፍ የስፒከር ሽቦ ይበቃል፤ ለግራና ለቀኝ ሁለት መስመር ያስፈልግዎታል። መርካቶ ውስጥ ካዩት ወፍራም ኬብል ይህ በብዙ ይረክሳል።

ኦምና ቮልት

ከማገናኘቱ በፊት አንድ ፍተሻ እንዲደረግ አጥብቄ እመክራለሁ። በአንዳንድ አምፕሊፋየሮች፣ በተለይም አዳዲሶቹ ትንንሽ ክላስ ዲ በሆኑት፣ ጥቁሩ ማያያዣ ግራውንድ (የምልክቱ የጋራ መመለሻ) አይደለም፤ ቀዩም ጥቁሩም ምልክት ይይዛሉ። የግራውና የቀኙ ጥቁር ማያያዣዎች በሳብዉፈሩ ውስጥ አንድ ላይ ሲገናኙ እንዲህ ያለው አምፕሊፋየር ሊጎዳ ይችላል።

ለመለየት መልቲሜትር ያስፈልጋል። አምፕሊፋየሩ ጠፍቶና ስፒናው ተነቅሎ፣ ስፒከሮቹም ተላቅቀው እያለ፣ በግራውና በቀኙ ጥቁር ማያያዣዎች መካከል ተቃውሞውን ይለኩ፤ ከዚያም ከጥቁሩ ማያያዣ እስከ አርሲኤ ቀዳዳው ውጫዊ ቀለበት ድረስ ይለኩ። ሁለቱም ወደ ዜሮ ኦም የሚጠጉ ከሆነ ጥቁሩ የጋራ ግራውንድ ስለሆነ በጋሼ ጠጋኝ መንገድ መቀጠል ይቻላል። ካልሆነ ግን ሁለቱን ጥቁሮች አንድ ላይ ማገናኘት አይገባምና መጀመሪያ ባለሙያ ይመልከተው።

ሰጦ ሰመሮ

ውይይቱን ሳነብ የእኔ ጉዳይ የተለየ መሆኑን ተረዳሁ። የእኔ ሳብዉፈር የራሱ አምፕሊፋየር የለውም፤ ባለ 4 ኦም የመኪና ሳብዉፈር ነው፤ አናጢ በእንጨት ሳጥን ገጥሞልኛል። አምፕሊፋየሩ 10 ሜትር ይርቃል። እኔም ቀጭን ሽቦ ልጠቀም እችላለሁ?

ኦምና ቮልት

አይችሉም፤ የእርስዎ ጉዳይ የዚያ ተቃራኒ ነው። በፓሲቭ ሳብዉፈር ሽቦው የሚሸከመው ጉልበቱን ሁሉ ነው፤ ስለዚህ መረብ አያስፈልግም፤ ውፍረት ግን የግድ ነው።

ስሌቱ ይህን ይመስላል። ሽቦው ሄዶ ስለሚመለስ 10 ሜትር ርቀት ማለት 20 ሜትር መዳብ ነው። ውፍረቱ 0.5 ካሬ ሚሊሜትር ከሆነ ተቃውሞው 0.69 ኦም ይደርሳል፤ ይህም ከ4 ኦም ጋር ሲታይ ወደ 1.4 ዲሲቤል ድምፅ ያሳጣል። በ1.5 ካሬ ሚሊሜትር ተቃውሞው ወደ 0.23 ኦም፣ ጉድለቱም ወደ ግማሽ ዲሲቤል ይወርዳል። በ2.5 ካሬ ሚሊሜትር ደግሞ 0.14 ኦም ገደማ ሲሆን ጉድለቱ 0.3 ዲሲቤል ብቻ ነው። 2.5 ቢገዙ በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ መውፈሩ ጆሮ የሚለየው ነገር አያመጣም።

ጠጋኝ ዘፈረንጅ አራዳ

በዚህ ላይ ገበያውን በተመለከተ ልጨምር። የስፒከር ሽቦ ተብለው ከሚሸጡት መካከል ብዙዎቹ ላያቸው ብቻ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ናቸው። በተመሳሳይ ውፍረት ተቃውሟቸው ከንጹሕ መዳብ አንድ ተኩል ጊዜ ገደማ ይበልጣል፤ ሲታጠፉም ቶሎ ይሰበራሉ። ከመግዛትዎ በፊት ጫፉን ይቁረጡና አንዲቱን ጭራ በምላጭ ፋቅ ፋቅ ያድርጓት፤ ከቀዩ ሥር እንደ ብር ነጭ ሆኖ ከታየ አሉሚኒየም ነው። ክብደቱም ይናገራል፤ መዳብ ከአሉሚኒየም ከሦስት እጥፍ በላይ ይከብዳል፤ ስለዚህ ጥቅሉን በእጅዎ መዝነው ያወዳድሩ።

የቤት መብራት የሚዘረጋበት ባለ አንድ ጭራ 2.5 ሽቦ በኤሌክትሪክ ረገድ እኩል ይሠራል፤ የማይነቃነቅ ቦታ ላይ ከሆነ ይጠቀሙበት። ሳጥኑ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ግን ደርቆ ስለሚሰበር ባለ ብዙ ጭራውን ይምረጡ። አንድ ነገር አደራ እላለሁ፤ በስፒከር ሽቦ ጫፍ ላይ የመብራት ስፒና አይግጠሙ። ይህ ልማድ በየቦታው ይታያል፤ አንድ ቀን አንድ ልጅ ያንን ስፒና ግድግዳው ላይ ሰክቶ 220 ቮልት ወደ ስፒከሩ ሊለቅበት፣ ራሱም ሊጎዳ ይችላል።

የቦሳ አዲሱ

በተነገረኝ መሠረት ለክቼ ጥቁሮቹ የጋራ ግራውንድ መሆናቸውን ካረጋገጥኩ በኋላ በ0.75 ሽቦ አገናኘሁት። ድምፁ አብሮ ይወጣል፤ አብሮ ይወርዳል፤ በዚህ ደስ ብሎኛል። ሆኖም ሙዚቃ ሳይኖር እንኳ እምም የሚል ያልተቋረጠ ድምፅ ይሰማል። የሳብዉፈሩን መጠን ስጨምር አብሮ ይጨምራል። አንድ ጎረቤት የሳብዉፈሩን ስፒና የመሬት እግር ብቆርጠው እንደሚጠፋ ነገረኝ። ልቁረጠው?

ጠጋኝ ዘፈረንጅ አራዳ

በፍጹም አይቁረጡት! ያ እግር ያለው በሳብዉፈሩ ውስጥ መብራት የሚሸከም ሽቦ ከብረት አካሉ ጋር ቢነካካ ኮረንቲው ወደ መሬት እንዲሄድና ፊውዙ እንዲቆርጥ ነው። እግሩ ከተቆረጠ 220 ቮልቱ በብረቱ ላይ ይቀራል፤ ከዚያም በጥቁሩ ሽቦ በኩል ወደ አምፕሊፋየሩ፣ ከአምፕሊፋየሩ በአርሲኤ መረብ ወደ ሪሲቨሩና ወደ ቴሌቪዥኑ ይተላለፋል። የሚነካው ሰው ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። እምምታው የሚጠፋበት ሌላ መንገድ ስላለ ይህን ከሐሳብዎ ያውጡት።

ምንጩን በማጣራት ይጀምሩ። አምፕሊፋየሩን አጥፍተው ከጀርባው የገባውን ሁሉ ይንቀሉ፤ ሳብዉፈሩን ብቻ ይተዉት። አሁን መልሰው ያብሩት። ድምፁ ከጠፋ፣ የነቀሏቸውን በየተራ እየመለሱ የትኛው ሲገባ እንደሚመጣ ያዳምጡ። ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛው ከጣሪያ የሚወርደው የዲሽ ኬብል ሆኖ ይገኛል፤ ስለዚህ ሪሲቨሩ ላይ በመጠምዘዝ የታሰረውን ያን ኬብል በተለይ ፈትተው ይሞክሩ።

የቦሳ አዲሱ

ጋሼ ጠጋኝ እንዳሉት ሆነ። ሁሉም ተነቅሎ ሳለ ዝም አለ። ቴሌቪዥኑን ስመልስ ለውጥ የለም። ሪሲቨሩን ስመልስ እምምታው ወዲያው መጣ፤ የዲሽ ኬብሉን ከሪሲቨሩ ስፈታው ደግሞ ሙሉ በሙሉ ባይሆንም በእጅጉ ቀነሰ። ለምንድን ነው ዲሽ ከሳብዉፈር ጋር የሚገናኘው?

ኦምና ቮልት

የዲሹ ምሰሶ ከቆርቆሮ ጣሪያው ወይም ከእርጥብ መሬት ጋር በብረት ተነካክቷል። የዲሽ ኬብሉ መረብ ከዚያ ብረት ጋር የተያያዘ ስለሆነ ሪሲቨሩ በዚያ በኩል አንድ የመሬት መንገድ ያገኛል። ሳብዉፈሩ ደግሞ በስፒናው ሦስተኛ እግር ሌላ የመሬት መንገድ አለው። ሁለቱ መሬቶች እኩል ቮልት ላይ ስላልሆኑ፣ ኮረንቲው ከዲሹ ተነሥቶ በሪሲቨሩ፣ ከሪሲቨሩ ወደ አምፕሊፋየሩ በሚሄደው የአርሲኤ መረብ፣ ከዚያም በሳብዉፈሩ በኩል ወደ መሬት ይዞራል። ግራውንድ ሉፕ የሚባለው ይህ ቀለበት ነው። ቀደም ሲል ስለ መረቡ ተቃውሞ የጻፍኩት እዚህ ላይ ሥራውን ይሠራል፤ ሁከቱ የሚፈጠረው በሳብዉፈሩ ሽቦ ላይ ሳይሆን በሪሲቨሩና በአምፕሊፋየሩ መካከል ባለው ኬብል ላይ ነው። ኬብሉ ሲፈታ ጥቂት ድምፅ የቀረው ሪሲቨሩ ከራሱ የመብራት ክፍል በትንሹ የሚያሾልከው ኮረንቲ ስላለ ሊሆን ይችላል።

መፍትሔው ሁለት ደረጃ አለው። በመጀመሪያ አምፕሊፋየሩን፣ ሪሲቨሩን፣ ቴሌቪዥኑንና ሳብዉፈሩን ከአንድ ሶኬት በሚነሣ አንድ ዲቫይደር ላይ ይሰኩ፤ ለሳብዉፈሩ ጥሩ የመሬት ሽቦ ያለው ባለ ሦስት ዘርፍ የማራዘሚያ ገመድ ሊያስፈልግዎ ይችላል። ከሪሲቨሩ ወደ አምፕሊፋየሩ የሚሄደውንም ኬብል አጭርና መረቡ ጥሩ በሆነ ይቀይሩት፤ ገንዘብ ማውጣት ካለብዎ እዚህ ላይ ያውጡት። በዚህ ካልጠፋ፣ በዚያው ኬብል መካከል የድምፅ አይሶሌሽን ትራንስፎርመር ይግባ። ይህች ትንሽ ሣጥን ሙዚቃውን በመግነጢስ ታሻግራለች፤ መረቡን ግን ትቆርጣለች፤ ስለዚህ የቀለበቱ ኮረንቲ መንገድ ያጣል። በመኪና ድምፅ ዕቃ መሸጫዎች ዘንድ ትገኛለች። በጣም ርካሾቹ ዝቅተኛውን ባስ ይቀንሳሉና በሱቁ ውስጥ ሞክረው ይግዙ።

ባስ ክራር

ስለ ዲሹ ከተነሣ አይቀር፣ በጅማ ዝናብ ከጣሪያ የሚወርድ ኬብል ውኃ እየመራ ወደ ሪሲቨሩ ማስገባቱን ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ኬብሉ ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ዝቅ ብሎ ቢታጠፍ ውኃው ከእጥፋቱ ላይ ይንጠባጠባል። ውጭ ያለው ማያያዣም በላስቲክ ፕላስተር ጥብቅ ተደርጎ ይጠቅለል።

ጋሼ ጠጋኝ ስለ ኬብሌ የጻፉትንም ተመልክቻለሁ፤ የድሮውን ኬብል ፈልጌ ጃኩን ልከፍተው ነው። ባለ ሱቁ ለቦሳ አዲሱ ወንድማችን ያቀረበው የዲሽ ኬብልስ? ለሌላ ሰው ቢጠቅም ብዬ ነው።

ጠጋኝ ዘፈረንጅ አራዳ

ጥሩ ጥያቄ ነው። የሳብዉፈር መውጫ ላለው አምፕሊፋየር የዲሽ ኬብል ለረጅም መስመር ከሚሠሩት ርካሽ አማራጮች አንዱ ነው። መካከለኛው ሽቦ ብዙውን ጊዜ መዳብ የተቀባ ብረት ስለሆነ ተቃውሞው ከፍ ይላል፤ ለዚህ ሥራ ግን አይጎዳም። ፎይልና መረብ አብረው ስላሉት ሽፋኑ ሙሉ ነው፤ ሆኖም ርካሾቹ መረባቸው ሳስቶ ጥቂት ጭራ ብቻ ስለሆነ፣ ሲገዙ ጫፉን ልጠው መረቡ ፎይሉን ምን ያህል እንደሸፈነ ይመልከቱ። ጫፉ ላይ ወደ አርሲኤ የሚቀይር ማያያዣ ይጠመዘዝበታል፤ ብየዳ አያስፈልገውም። የሚያስቸግረው ግትር መሆኑ ነው፤ በጥግ ላይ ሰፋ አድርገው ካላጠፉት ውስጡ ይሰበራል፤ ክብደቱም የመሣሪያውን ቀዳዳ ወደ ታች ይስባል።

አምፕሊፋየሩ አንድ የሳብዉፈር መውጫ ብቻ ካለውና ሳብዉፈሩ ቀይና ነጭ መግቢያ ካለው፣ አንዱን ወደ ሁለት የሚከፍል ዋይ ኬብል መጠቀም ይቻላል፤ ድምፁንም ጥቂት ከፍ ያደርገዋል። የተገላቢጦሹ ግን አይደረግም። ግራና ቀኝ የሆኑ ሁለት መውጫዎችን በዋይ ኬብል ወደ አንድ መጨፍለቅ መውጫዎቹን እርስ በርስ ስለሚያጋጫቸው ስቴሪዮውን ያጠፋዋል፤ አንዳንዴም መሣሪያውን ይጎዳል።

የቦሳ አዲሱ

ሁሉንም በአንድ ዲቫይደር ላይ ሰክቼ፣ የሪሲቨሩን ኬብል በአጭር ቀየርኩት፤ እምምታው ጆሮ ሳብዉፈሩ ላይ ካልተደገፈ በስተቀር አይሰማም። ትራንስፎርመር አላስፈለገኝም። አሁን የቀረኝ ጀርባው ላይ ያለው የድግግሞሽ ማዞሪያና 0 እና 180 የሚል ማብሪያ ነው። ሽቦውንስ በግድግዳው ላይ ከመብራት መስመር አጠገብ ባስረው ይጎዳ ይሆን?

ኦምና ቮልት

ማዞሪያው ሳብዉፈሩ እስከ የትኛው ድግግሞሽ እንደሚሠራ የሚወስን ነው፤ 80 ኸርዝ አካባቢ ይጀምሩ፤ ስፒከሮችዎ ትንንሽ ከሆኑ ወደ 100 ከፍ ያድርጉት። ከ100 በላይ ሲሆን ግን ድምፁ ከየት ጥግ እንደሚመጣ ጆሮ መለየት ይጀምራል። 0 እና 180 የሚለው ማብሪያ የሳብዉፈሩ ሞገድ ከስፒከሮቹ ጋር አብሮ ወይም በተቃራኒው እንዲሄድ ያደርጋል፤ ለእርሱ ደግሞ ከበሮ ወይም ባስ ጊታር ጎልቶ የሚሰማበት ሙዚቃ ያጫውቱና ሁልጊዜ በሚቀመጡበት ቦታ ተቀምጠው ሌላ ሰው ማብሪያውን ይቀያይርልዎ፤ ባሱ ሞልቶ የተሰማበትን ይምረጡ። የ80 ኸርዝ ድምፅ የሞገድ ርዝመቱ 4.3 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ በእርስዎ ሳሎን ከሳብዉፈሩና ከስፒከሮቹ እስከ መቀመጫዎ ያለው የርቀት ልዩነት ይህንን ውሳኔ ሊቀይረው ይችላል፤ ስለዚህ ሶፋውን ካዛወሩ እንደገና ይፈትሹት።

ሽቦውን በተመለከተ፣ ከመብራት መስመር ቢያንስ አንድ ስንዝር ያህል አርቀው ይዘርጉት፤ መሻገር ግድ ከሆነም በመስቀለኛ ይሻገር እንጂ ጎን ለጎን ብዙ ሜትር አይጓዝ። ከሳብዉፈሩ ጀርባም ትንሽ ትርፍ ሽቦ ይተዉለት፤ ጥጉ ባሱን ካበዛው ሳጥኑን ወደ ፊት መሳብ ይኖርብዎታልና።